ላስቲኩ ያልወለቀ ማሽን

ባለቤቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ይቀመጥ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም እያለው፣ ያም ስም የዳቦ ቤታችን በር ላይ በትልቁ ተጽፎ እያለ፣ አንድም ሰው በሱ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ይቀመጥ አለ?» «ይቀመጥ ወጣ?» ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ቤታችን ገብቶ ዙሪያውን ማየት ይበቃል። አዲስ ብርጭቆ ይገዛና «ይቀመጥ፣ ለእንግዳ ይሆናል» ይላል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ይቀመጥ፣ ከበድ ላለ እንግዳ ይሆናል» ይላል። ከበድ ያለው እንግዳ እስካሁን አልመጣም፤ እኛም ጆሯቸው በተሰበረ ኩባያዎች እየጠጣን እንጠብቀዋለን።

ሶፋችን ከፋብሪካ ለብሶት የወጣውን ላስቲክ እንደለበሰ ነበር። በሙቀት ወራት እላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል። የቴሌቪዥኑ ፊት ላይ ያለችው ስስ ላስቲክም አልተላጠችም፤ ጠርዟ በአቧራ ጠቁሮ፣ መሃሏ አየር ቋጥሮ፣ ዜና አንባቢው ሁሉ ጉንጩ ያበጠ መስሎ ነው የሚታየኝ። ሪሞቱ በላስቲክ ታስሯል። ላስቲኩ ሲቀደድ ሌላ ላስቲክ ይደረብለታል። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ስኖር የቻልኩትን አንድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው!

አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አመሉ ከልጅነቱ የጀመረ መሆኑን አጫውታኛለች። አባቱ አዲስ ቆዳ ጫማ ገዝቶለት ነበር አሉ። ልጁ ጫማውን እያሸተተ፣ በጨርቅ እየወለወለ፣ ለትልቅ ቀን ብሎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠው። ትልቁ ቀን ሲመጣ እግሩ ጫማውን አልፎ ሄዷል። ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጫማውን መልሶ ወለወለና ወደ ካርቶኑ ከተተው። አማቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ነበር የምትስቀው። እኔ ግን ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩና በሳቋ ውስጥ ያለው ምክር አልገባኝም። ጫማው ዛሬም አልጋችን ሥር አለ።

ታዲያ ስስታም እንዳይመስላችሁ። የተራበ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሳይበላ ሄዶ አያውቅም፤ ያውም ትኩሱን ነው የሚሰጠው። ብቻ አዲስ ነገር ሲጀመር ማየት አንጀቱ አይችልም። ያመዋል መሰለኝ።

ዳቦ ቤቱን የከፈትነው በገዛ እጃችን ነው። እሱ ምድጃው ጋ፣ እኔ ገንዳው ጋ። ገንዳው እንደ ጀልባ ረጅም የእንጨት ገንዳ ነው፤ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ እርሾውን እጨምርና እስከ ክርኔ ገብቼ አቦካለሁ። ሰው ዳቦ ሲገምጥ የሚያስበው ስለ ምድጃው ነው። ስለ ሊጡ ማን ያስባል? ሊጥ የሚታሸው በጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በወገብም፣ በጥርስም፣ አንዳንድ ቀን በእልህም ነው። ባሌ ያናደደኝ ቀን ዳቦው ይበልጥ ያምር እንደነበር ደንበኞቻችን ይመሰክራሉ።

እንዲህ ስል ኖሬ ቀኝ እጄ ከዳኝ። መጀመሪያ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መደንዘዝ ጀመሩ። ጠዋት ስነሣ የሰው እጅ ተሸክሜ የተነሣሁ እስኪመስለኝ ድረስ ይከብደኛል። ኩባያ ከእጄ ይወድቃል። ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወፍራም፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። አንጓዬን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ነርቩ እዚህ ጋ ተጨምቋል» አለኝ። «ማቡካት ታቆሚያለሽ። ከዚያ ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንሠራለን። ቀላል ነገር ነው። ብቻ አታቆዩት፤ ከቆየ ነርቩ ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይነሣም።»

ባሌ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በነጋታው ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ የከተማው ዳር ላይ «ለልጅ ልጅ ይሆናል፣ ይቀመጥ» ብሎ ያስቀመጣትን ቁራጭ መሬት ሸጦ ነበር። እሱ! አስቀምጦት የነካው ነገር በሕይወቱ ያ የመጀመሪያው ነው። «ማሽን አዝዣለሁ» አለኝ። «ሊጥ ማቡኪያ። ከውጭ ይመጣል። ከአሁን በኋላ አንቺ ቁልፍ ነው የምትጫኚው።» እኔም ሆዴ ባብቶ አንገቱን አቀፍኩት። ሸሚዙ አሮጌው ሸሚዝ ነበር፤ አዲሱ እንደተለመደው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

መሬቷ የከፈለችው ግን ማሽኑን ነው። ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስ ታክስ የሚባል ነገር ብቅ አለና ከመሬቷ ተርፎ ለእጄ ሕክምና የተባለውን ገንዘብ ጠራርጎ ወሰደው። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያወጣልን ትራንዚተር አለ፤ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ ለሦስተኛ ሰው የሚያወራ ሰው ነው። ሲያጽናናን፣ «አይዞን!» አለ። «ለንግድ ሥራ በገባ ማሽን ላይ የተከፈለ ታክስ ተመላሽ ነው። ታመለክታላችሁ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማሽኑን በዓይኑ ያያል፣ ገንዘቡ ይመለስላችኋል። በቃ!»

«ኧረ እባክህ?» አልኩት። «የሚመልሱት ከሆነ መጀመሪያ ለምን ይወስዱታል?»

«እትዬ» አለኝ ስልኮቹን ከሁለቱም ጆሮዎቹ አንሥቶ፣ «ይቺን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ዕቃ እስካሁን መጋዘን ውስጥ ነው ያለው።»

 ባሌም መንገድ ላይ እጄን ይዞ «ታክሱ ሲመለስ በቀጥታ ሐኪሙ ዘንድ ነው የምንሄደው» አለኝ። «እስከዚያ ማሽኑ አለልሽ፤ እጅሽ ያርፋል።» አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ሲናገር ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር።

ማሽኑ የገባ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ቤታችን በር ላይ ነበር። ከሳጥኑ ሲወጣ አምሮ አምሮ ዓይን ውስጥ ይገባል! ነጭ፣ ትልቅ ብረት ጎድጓዳ ያለው፣ እላዩ ላይ የተቆለመመ ክንድ ያለው። ያ ክንድ ደስ አለኝ። ከእኔ ክንድ ይወፍራል። ከአናቱ እስከ እግሩ ወፍራም ላስቲክ ለብሷል፤ ላስቲኩ ላይ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ዱቄቱን ነፍቼ፣ እርሾውን በጥብጬ፣ ሽርጤን ታጥቄ ቀርቤያለሁ። እጄን ወደ ላስቲኩ ስዘረጋ ባሌ በመሃላችን ገባ።

ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል አወቅኩ።

«ይቀመጥ» አለ።

«ምኑ?»

«ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያየው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አዲስ ማሽን ተብሎ ነው። ሊጥ ነክቶት ቢያገኙትስ? አሮጌ ዕቃ አስገብተው አዲስ ነው ይላሉ ብለው ቢያስቀሩብንስ? ያንቺ ሕክምና እኮ ነው! ጥቂት ቀን ብንታገሥ ምን እንሆናለን?»

እዚያ የቆመው ሕዝብ ራሱን እየነቀነቀ «እውነቱን ነው» አለ። ሕዝብ ስል፣ የእያንዳንዱም ሰው ቤት ቢገባ ሶፋው ላይ ላስቲክ አለ። እኔ ብቻዬን ሆንኩ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ።

ጥቂት ቀን የተባለው ሳምንታት ሆነ፤ ሳምንታቱ ወራት ሆኑ። ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ላስቲኩ ላይ አንሶላ ደርቦ ያርፋል። ባሌ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ያራግፍለታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አቦካለሁ። አንዳንዴ ዱቄት ቦነን ብሎ አንሶላው ላይ ሲያርፍ «ኧረ ቀስ!» ይለኛል። የእጄ መዳኛ በሆነው ማሽን ላይ ዱቄት እንዳላቦን ተጠንቅቄ አቦካለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ቢያወሩት ማን ያምናል?

ትራንዚተሩን እንጠይቀዋለን፤ «ወረፋ ነው» ይላል። ግብር ቢሮ እንሄዳለን፤ «ተራችሁ ሲደርስ» ይባላል። ጣቶቼ ግን ወረፋ አልያዙም። አንድ ጠዋት ሊጡ ውስጥ ሆነው ጨርሶ ጠፉብኝ፤ መኖራቸውን ለማወቅ አውጥቼ አየኋቸው። ባሌ ይህን ሲያይ ደነገጠና «በቃ፣ እኔ አቦካለሁ» አለ።

አቦካ። አቤት ያ ሳምንት! እሱ ገንዳው ጋ ሲታገል ምድጃው ያርርበታል፤ ወደ ምድጃው ሲሮጥ ሊጡ ይቦካና ከገንዳው ይወጣል። ከጎናችን ጋራዥ ያለው መካኒክ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አደረገና «ይቀመጥ፣ ደግሞ ዳቦውንም ማስቀመጥ ጀመርክ እንዴ?» አለው። ሰው እየሳቀ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ሄደ። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ማሽንም፣ ሕክምናም የለም። ተመልሼ ገንዳው ላይ ጎነበስኩ። ባሌ ያኔም አንሶላውን አላነሣም፤ እንዲያው የኔ እጅ በታመመ ቁጥር ተመላሹን ላለማበላሸት ጥንቃቄው ይብስበታል። እኔን ለማሳከም ብሎ እያሳመመኝ መሆኑን ስነግረው «እኔ ለማን ብዬ ነው?» ይለኛል።  «ላንቺ ብዬ ነው» የሚልን ሰው ከመስማት ጠላትን መስማት ይቀላል።

በመጨረሻ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍንጋ ያሰረች፣ ሥራዋን የምትወድ የምትመስል። ባሌ አዲሱን ሸሚዝ ለበሰ። ልብ በሉ፣ አዲሱን ሸሚዝ! እጅ ነሥቶ ወደ ጥጉ መራትና አንሶላውን ገፈፈው።

ልጅቷ ማሽኑን ዞረችው። ላስቲኩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። የመሰኪያውን ገመድ ፈለገች፤ ገመዱም በላስቲክ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነኝ።

«ሊጡን የሚያቦካው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ባሌ በኩራት «እሷ ናት!» አለ።

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑ አልተነካም! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ይኸው፣ አንድ ጭረት ቢያገኙበት እኔን ይጠይቁኝ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች። «አባቴ» አለችው፣ «ሕጉ ታክስ የሚመልሰው ለሥራ ለዋለ ማሽን ነው። ይሄ አልተሠራበትም። ሊሸጡት አስቀምጠውት ይሁን ሊሠሩበት እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እንዴ! እርስዎ እስኪያዩት ብለን እኮ ነው!»

«ሥራ ላይ ሲያውሉት እንደገና ያመልክቱ» አለችና አንድ ቃል ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ «አልተሠራበትም» ይላል። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ክንዴን አየችና «እናቴ፣ እርስዎ ግን እስኪ ይረፉ» አለችኝ። የሰው ልጅ ናት።

 የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈልቷል። እጄን ከሊጡ አወጣሁና የሊጥ መቁረጫውን አንሥቼ ወደ ማሽኑ ሄድኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልገፍፈው ነው!»

«ቆይ! ቆይ እባክሽ!» መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ሊታገለኝ ነው ብዬ መቁረጫውን ጠበቅ አደረግሁ። እሱ ግን እጆቹን አጣምሮ ለመነኝ። «አትቅደጂው። በስፌቱ በኩል ልፍታው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእናትሽ!»

እናም ያ ሰው ተንበርክኮ ላስቲኩን ፈታው። ማጣበቂያውን በጥፍሩ እያላቀቀ፣ የተለጠፈው ወረቀት እንዳይነሣ እፍ እያለ፣ ሽቦዎቹን እየፈታ። እኔ መቁረጫ ይዤ አናቱ ላይ ቆሜያለሁ። ሲጨርስ ላስቲኩን መሬት ላይ ዘረጋው፣ አጣጠፈው፣ ደረቱ ላይ አቀፈውና ወደ ቤት ይዞት ገባ። ትሪ የሚገፋልን ረዳት ጋጋሪያችን ይህን አይቶ ሳቁን መያዝ ቢያቅተው ወደ ምድጃው ዞረ። እኔ ቁልፉን ተጫንኩት። ክንዱ ዞረ፣ ዱቄቱና ውሃው ተያያዘ፣ እኔ ሳልነካው ሊጥ ሆነ። ቆሜ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም፤ ሁለቱም ነበሩበት።

እንደገና አመለከትን። እንደገና ወረፋ። ማሽኑ አሁን ቀን ከሌት ይሠራል፤ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ። ግን ያቺ ትንሽ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቀው ተመላሹን ነው። የአውራ ጣቴ ሥጋ እየሟሸሸ ሄደ። «ከሰው እንበደር» ስለው «ከዛሬ ነገ ይመለሳል፣ ለምን ዕዳ ውስጥ እንገባለን?» አለ። ይህ ሌላ «ይቀመጥ» ነው፤ ቃሉ ብቻ ተለውጧል።

ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማሽኑ የሠራተኛ ወግ ይዟል። ጥጋጥጉ ላይ ሊጥ ደርቆበታል። ጋጋሪው በትሪ ጋሪው ገጭቶት ቀለሙ ተቀርፏል። ያው ጋጋሪ፣ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ላስውበው ብሎ በሽቦ ፈትጎት የቁጥሩን ሰሌዳ ልሙጥ አድርጎታል። ተቆጣጣሪው ሸምገል ያለ፣ ነገርን ሁሉ ጠጋ ብሎ የሚያሸት ሰው ነው። ማሽኑን አሸተተ። ሰሌዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይሄ ነው አዲስ የተባለው?»

«አዲስ ነው ጌታዬ» አልኩ እኔ።

«አዲስ አይመስልም። ቁጥሩም ተፍቋል። እኔ እንደማየው አሮጌ ማሽን ነው። አዲሱን ሸጣችሁት ይሆን?»

ወይ ጉድ! ያኔ አዲስ ነው ብለው ከለከሉን፣ አሁን አሮጌ ነው ብለው ሊከለክሉን ነው። ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን ባሌ ገና በመጀመሪያው ቀን የፈራው ነገር ይኸው መሆኑ ነው። ስንት ወር ሙሉ በዚህ ነገር ሰድቤዋለሁ! ዞር ብዬ አየሁት። አልተከራከረም። በጓሮ በር ወደ ቤት ገባ። አልቅሶ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ።

ላስቲኩን ይዞ ተመለሰ። እንደ አዲስ አንሶላ ታጥፏል። ዘረጋው፤ ቁጥሩና ማኅተሙ ያለበት ወረቀት አንድ ጥጉ እንኳ አልተነሣም። ከዚያ የታሰረበትን ሽቦ አመጣ። ማዕዘኖቹ ላይ የነበረውን ስፖንጅ አመጣ። እርጥበት እንዳይገባ ከውስጥ የተጣለችውን፣ «አይበላም» የሚል የተጻፈባትን ትንሽዬ ከረጢት ሳይቀር አመጣ። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ላስቲኩን አንሥቶ ለማሽኑ አለበሰው። ልክክ አለ። ስፌቱ ከስፌቱ፣ የክንዱ መተላለፊያ ከክንዱ።

ሽማግሌው የላስቲኩን ቁጥር ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየ። ደግሞ አስተያየ። ከዚያ እንደመሳቅ አለና «በሥራ ዘመኔ ደረሰኝ የጠፋበት እንጂ ላስቲክ ያስቀመጠ ነጋዴ አላየሁም» ብሎ ፈረመ። ለእኔም ዞር ብሎ «እመቤት፣ ይሄን ሰውዬ ያዢው» አለኝ። ምን ልበል? ይዤዋለሁ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታንሡብኝ። ባሌ አንድ ወር ሙሉ ሰፈሩን ሲዞር «ይኸው፣ ይቀመጥ ስል!» እያለ ነበር። መካኒኩ እንኳ የጎማ ካርቶን ማስቀመጥ ጀመረ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ታክሱ ሳንቲም ሳይጎድል ተመለሰ። ባሌ ከባንክ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ያቺን ቃል ጠበቅሁ። ብትወጣ ኖሮ ያን ቀን ጉድ ይፈላ ነበር። አልወጣችም። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት» ብቻ አለ።

ቀዶ ሕክምናው እንደተባለው ቀላል ነበር። ቤት ስገባ ግን ከበደ። ባሌ እጄን ትራስ ላይ አስቀመጠ፤ ማንኪያ እንዳላነሣ፣ በር እንዳልከፍት፣ ፀጉሬን እንዳልነካ ከለከለኝ። ስታጠብ በላስቲክ ያስርልኛል፤ ስጨርስ ላስቲኩን አድርቆ ያጥፈዋል። «ገና አዲስ ነው» ይላል እጄን እያየ። ሳቄ ይመጣል፣ ንዴቴም ይመጣል፤ ግን ደክሞኝ ነበርና እጄ ይቀመጥ ብዬ ተውኩት።

ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሙ ጣቶቼን አጠፈ፣ ዘረጋ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ እጅ አልተሠራበትም» አለ።

ባሌ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ያቺን የተቆጣጣሪዋን ቃል ያውቃታል።

«ደርቋል» አለ ሐኪሙ። «መንቀሳቀስ ነበረበት። እሱስ ግድ የለም፣ ከዛሬ ጀምራ ታሠራዋለች፣ ይፍታታል።» ከዚያ በመርፌ የጣቶቼን ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ «እሺ ጀምር» አልኩት። ለካ ጨርሷል። «የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ ግን የሚመለስ አይመስለኝም» አለ ዝግ ብሎ። «ቆይታችኋል።»

ባሌ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለ። «ምን ያህል ቀደም ብለን ብንመጣ ነበር?»

ሐኪሙ ምን ያውቃል? «መንፈቅ ያህል ብትቀድሙ ጥሩ ነበር» አለ ወረቀቱን እየጻፈ።

መንፈቅ ማለት ማሽኑ አንሶላ ለብሶ የቆመበት ጊዜ ልክ ነው።  ደጅ ስንወጣ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ስንት ጊዜ በልቤ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣ አለኝ። «ተነሥ፣ ሊጡ ይጠብቃል» አልኩት።

ቤት እንደገባን ሶፋውን ገፈፈው። ላስቲኩን ቀደደው፤ በስፌቱ አልፈታውም። የቴሌቪዥኑን ላጠው። ብርጭቆዎቹን ከካርቶን አውጥቶ አጠበና በአዲስ ብርጭቆ ውሃ ሰጠኝ። ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። «ሌላ አለ» ብሎ ሌላ ቀዳልኝ። የልጅነት ጫማው ብቻ ቀረ፤ እሱን እኔ ነኝ ተው ያልኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከማሽኑ ጎድጓዳ ጭብጥ የምታህል ሊጥ ቆርጦ ይሰጠኛል፤ እያሸሁ ጣቶቼን አሠራለሁ። ማቡካት ያስተወኝ እጅ በማቡካት ይታከማል። ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ ቁልፍ እቆልፋለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ይቆርስና በሁለቱ ጣቶቼ መሃል ያስይዘኛል።

«ሞቀሽ?» ይለኛል።

እንፋሎቱን በዓይኔ አያለሁ። «ሞቀኝ» እላለሁ። «እሰይ!» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ምድጃው ይሄዳል።

ባለፈው አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው ትሪ ስቆጥር ከኋላዬ መጥቶ ቁራሽ ዳቦ አስያዘኝ።

«ሞቀሽ?»

«ውይ፣ ያቃጥላል!» አልኩት ሳልዞር።

«እሰይ!» እስኪል ጠበቅሁ። ዞር ስል ምድጃው ገና አልተለኮሰም። በእጄ የያዝኩት የትናንት ዳቦ ነው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። «እሰይ» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ምድጃውን ሊለኩስ ሄደ።

በማግስቱም ትኩስ ዳቦ አስይዞ «ሞቀሽ?» አለኝ። እኔም «ሞቀኝ» አልኩት።